ድሬዳዋ ላይ ፍየል ማድለብ፦ ከገበያ እስከ ሽያጭ የ90 ቀን መመሪያ

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ፍየሎቹን ስገዛቸው ጤነኛ ነበሩ። ፉርሽካ ሰጠኋቸው፣ ጥርግ አድርገው በሉ፣ በሳምንቱ ሞቱ። ምን ነካቸው?» የኔም መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ፉርሽካው በአንዴ በዛ፣ ጥላው ጠበበ፣ ውሃው አነሰ። በሽታው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው።

ይህን የጻፍኩት በግቢያቸው ከ3 እስከ 10 ፍየል አድልበው ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ለመሸጥ ላሰቡ የድሬ ሰዎች ነው። ሐረር ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ፤ እናንተ ጋ ቀኑ ቀዝቀዝ ይላል፣ የሌሊቱን ብርድ ግን መከለል አለባችሁ። የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት አብዝቼ ጽፌአለሁ። ፍየሉም ብሩም የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ፍየል ሳይገባ ግቢው ይዘጋጅ

ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የምትሸጡበትን በዓል ያዙና 90 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። የምትገዙት ያን ቀን ነው። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት የገዛችሁበትን ቀን አትከተሉ። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ሥጋ የሚገዛው ሰው ስለሚቀንስ ዋጋው ረገብ ይላል። ሽያጩ ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣ በዓል ከሆነ በዚያ ጊዜ መግዛት ያዋጣል።

ጉረኖው

1. ለአንድ ፍየል ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ቦታ ያዙ። ለ5 ፍየል 2 በ3 ሜትር ይበቃል።

2. ጣሪያውን ከፍ አድርጉት፤ ቢያንስ 2.5 ሜትር። ዝቅ ያለ ቆርቆሮ በድሬ ፀሐይ ምጣድ ነው። ከላይ የማሽላ አገዳ ወይም ሣር ወፈር አድርጋችሁ ደርድሩበት። ልዩነቱን እጃችሁን ከቆርቆሮው ሥር ዘርግታችሁ ታውቁታላችሁ።

3. ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን። እንዲህ ከሆነ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ በሰፊው ጎን አይገባም። ግድግዳውን እስከ ወገብ ብቻ ሥሩ፣ ከዚያ በላይ ንፋስ ይለፍበት።

4. ወለሉ ተዳፋት ይኑረው። ሽንት ከተጠራቀመ ሽታው የፍየሉን ሳንባ ይጎዳል፣ ጎረቤትንም ያስቀይማል።

5. ደቻቱ ወንዝ ዳር ወይም ሌላ ደረቅ የወንዝ አሸዋ አጠገብ አትሥሩ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ውሃው ከተራራው የሚወርደው ሌሊት፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊሆን ይችላል።

6. ግቢውን ከፌስታል፣ ከሲባጎና ከሽቦ አጽዱ። ፍየል ፌስታል ከዋጠ ጨጓራው ውስጥ ይቀራል። አይፈጭም፣ አይወጣም። እየበላ የሚከሳ የከተማ ፍየል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ መድኃኒትም የለውም።

መኖው

መኖውን ቀድማችሁ ግዙ። በመሀል አልቆ ሌላ ዓይነት መቀየር ሆድ ያበላሻል። ለአንድ ፍየል ለ90 ቀን፦

ድርቆሽ፣ የደረቀ የማሽላ አገዳ ወይም ፍሬው ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው የለውዝ ቅጠልና ግንድ፣ ከ50 እስከ 60 ኪሎ። የለውዙ ቅጠል ከተገኘ ከሁሉም ይሻላል። ባቢሌ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞ ይንገር።

ድብልቅ መኖ፣ 24 ኪሎ ገደማ። 100 ኪሎ ለማዘጋጀት ፉርሽካ 73፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) 24፣ ለእንስሳት መኖ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 2፣ ጨው 1 ኪሎ ቀላቅሉ።

የኖራ ድንጋዩን አትዝለሉት። ፉርሽካ ፎስፈረስ ይበዛበታል። ካልሲየም ካልተጨመረበት ወንዱ ፍየል፣ በተለይ ሙክቱ (የተኮላሸው)፣ የሽንት ቧንቧው በጠጠር ይዘጋል። ግንባታ ላይ የሚገባው ኖራ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ያቃጥላል። የመኖ መሸጫው «ለዶሮ የሚገባው ነው» ካላችሁ ትክክለኛውን አግኝታችኋል።

መኖው ሻጋታ ካለው ወይም ከሸተተ መልሱት። ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። የለውዝና የማሽላ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም አያጠፋውም።

እቤት የሚቀመጥ

ግማሽ ኪሎ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ይለያያሉ)፣ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት፣ አፉ ጠበብ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን፣ አንድ ደብተር። የሠፈራችሁን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት። ፍየል ሲታመም ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ስልክ ስትፈልጉ ይመሻል።

ደረጃ 2፦ መምረጥና መግዛት

የምትፈልጉት ከስቶ ጤነኛ የሆነውን ነው። ወፍራሙን ሌላ ሰው አድልቦታል፤ የታመመውን ደግሞ መኖ አያድነውም። ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ዓመት የሞላው ወንድ ፈልጉ። ወጠጤም (ያልተኮላሸ) ሙክትም ይሆናል። ወጠጤው ቶሎ ያድጋል ግን ይሸታል፣ ይዋጋልም። ወጠጤና ሙክት አንድ ላይ አትቀላቅሉ።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

1. ከሩቅ። ከመንጋው ተለይቶ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ተዉት።

2. አስኪዱት። የሚያነክስ ከሆነ በቃ። «መንገድ አድክሞት ነው» ቢሏችሁም አትስሙ።

3. አፍና አፍንጫ። ወፍራም ንፍጥ፣ የከንፈር ቁስል፣ የዓይን ፈሳሽ ካለ ያንን ብቻ ሳይሆን አብረውት የቆሙትንም ተዉ። ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ይተላለፋል።

4. የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጡ። ውስጡ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን። እንደ ወረቀት ከነጣ ትል ደሙን ጨርሶታል።

5. ጥርስ። ፊት ለፊት ከታች ካሉት 8 ጥርሶች መካከለኞቹ 2ቱ ትልልቅ ከሆኑ ዓመቱን አልፏል። ሁሉም ትንንሽ ከሆኑ ገና ነው።

6. ጭራውን አንሱ። እርጥብ ወይም የተለጠፈ ፋንድያ ካለ ተቅማጥ አለው።

7. ጀርባውን በእጃችሁ ዳብሱ። አጥንቱ ይሰማችሁ፣ ግን እንደ ቢላ አይሹል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ሻጭ ጠዋት ጨው አልሶ ውሃ ያጠጣዋል፤ ሆዱ ሞልቶ ትልቅ ይመስላል። ጀርባው ከስቶ ሆዱ ብቻ ከተወጠረ ለውሃ ነው የምትከፍሉት።

ለአረፋ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ስትገዙ እንደ ገዢው እዩ። ለኡድሒያ (ለአረፋ የሚታረደው መሥዋዕት) ፍየል 1 ዓመት መሙላት አለበት። ዓይኑ የታወረ፣ የሚያነክስ፣ በግልጽ የታመመ፣ ወይም መቅኒው እስኪያልቅ የከሳ አይሆንም። ጆሮው የተቆረጠ ወይም ቀንዱ የተሰበረ ከሆነም ገዢ ይሸሻል። ስለዚህ ምልክት ለማድረግ ጆሮ አትብጡ፤ አንገቱ ላይ ባለቀለም ገመድ እሰሩለት።

ማጓጓዝ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ አጓጉዙ። አራት እግሩን አስራችሁ ባጃጅ ወለል ላይ አታጋድሙት። ጨጓራው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና ይነፋል። ቆሞ ይሂድ። እቤት ሲደርስ መጀመሪያ ጥላ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃ፣ ከዚያ ድርቆሽ። የዚያን ቀን ሌላ ምንም አይሰጠው።

ደረጃ 3፦ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን

ፉርሽካው ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። መጀመሪያ ከገዛኋቸው 5 ፍየሎች 2ቱን በ6ኛው ቀን ያጣሁት ልጆች አዝነውላቸው ሳፋ ሙሉ ፉርሽካ ስለደፉላቸው ነው። ልጆቹን አልነገርኳቸውም ነበር። እናንተ ለቤተሰቡ በሙሉ ንገሩ።

1. ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። በሙቀት አንድ ፍየል በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ባልዲው ጥላ ውስጥ ይሁን። እናንተ እጃችሁን ነክራችሁ የሚሞቃችሁን ውሃ ፍየሉም ይተወዋል።

2. አሞሌ ጨው በሚደርሱበት ከፍታ ስቀሉ።

3. በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሐኪም ጥሩ። የትል መድኃኒት በክብደት ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ መዝኑ፦ እናንተ ብቻችሁን ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ከዚያ ፍየሉን አቅፋችሁ ቁሙ፣ ልዩነቱ ክብደቱ ነው። በግምት ማሳነስ ትሉን አይገድልም፣ መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

4. የትኛው ክትባት መቼ እንደሚሰጥ ከሐኪሙ ጋር ወስኑ። ደስታ መሰል፣ ፈንጣጣና የፍየል ሳንባ በሽታ ዋናዎቹ ናቸው። የደከመና ትኩሳት ያለው ፍየል አይከተብም። ክትባት ከተሰጠ በኋላም ሰውነቱ መከላከያ እስኪያበጅ 2 እና 3 ሳምንት ይፈጃል።

5. ቀድሞ እቤት የነበረ ፍየል ወይም በግ ካለ አዲሶቹን 21 ቀን ለይታችሁ አቆዩ። ባልዲውም ይለይ። መጀመሪያ ነባሮቹን መግቡ፣ ከዚያ አዲሶቹን።

ቢበላሽ፦ በ2ኛው ቀን አልበላም ካለ አትደንግጡ፤ ቦታው አዲስ ሆኖበት ይሆናል። የግራር ወይም የቁርቁራ ቅርንጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉለት። ፍየል ከመሬት ከሚለቅም ቀና ብሎ ቢቀነጥስ ይመርጣል። በ3ኛውም ቀን ካልቀመሰ ሐኪም።

ደረጃ 4፦ ከ4ኛው እስከ 18ኛው ቀን ፉርሽካ ማለማመድ

መመሪያው በሙሉ ቢረሳችሁ ይህ አይርሳችሁ። የፍየል ጨጓራ ውስጥ ቅጠልና አገዳ የሚያብላሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እህል በድንገት ሲገባ ሌሎቹ ይበዙና አሲድ ያመርታሉ። ፍየሉ የሚሞተው በዚያ አሲድ ነው። ሕዋሳቱ ወደ አዲሱ መኖ ለመዞር ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ማቻኮል አይቻልም።

ለአንድ ፍየል በቀን ከድብልቁ መኖ እንዲህ ስጡ፦

ከ4 እስከ 6ኛው ቀን 50 ግራም።
ከ7 እስከ 9ኛው ቀን 100 ግራም።
ከ10 እስከ 12ኛው ቀን 150 ግራም።
ከ13 እስከ 15ኛው ቀን 200 ግራም።
ከ16 እስከ 18ኛው ቀን 250 ግራም።
ከ19ኛው ቀን ጀምሮ 300 ግራም።

ግማሹ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ግማሹ ማታ 11 ሰዓት። ሁልጊዜ መጀመሪያ ድርቆሽ ይብሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድብልቁ ይቅረብ። አንድ ጣሳ መዝናችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ዓይን ያታልላል። ድብልቁን ለመንጋው በአንድ ሳፋ አታቅርቡ። ጉልበተኛው የሦስቱን ይበላና እሱ ይሞታል፣ ሌሎቹም አይወፍሩም። በየግላቸው እሰሩና አብሉ ወይም ሁሉም እኩል የሚደርሱበት ረጅም ገንዳ ሥሩ።

ሆዱን ጠይቁ

ከመልካ ጀብዱ ወተት ይዘው የሚመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ፍየልን አፉን ሳይሆን ሆዱን ጠይቀው» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይህን አደርጋለሁ። በፍየሉ ግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ጠዋት ሳይበላ ገባ ያለ መሆን አለበት። ከበላ በኋላ ሞላ ይላል። መዳፋችሁን አሳርፉበት፤ በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ካልተንቀሳቀሰ የዚያን ቀን ድብልቁን ተዉት።

ቢበላሽ፦ ፉርሽካ ከበዛበት

ምልክቱ፦ መብላት ያቆማል፣ አያመሰኳም፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይንገዳገዳል፣ እንደ ገንፎ የቀጠነ የሚከረፋ ተቅማጥ ይይዘዋል። ግራ ሆዱን ስትነኩት ውሃ እንደያዘ ስልቻ ይናወጣል።

1. ድብልቁን ሙሉ በሙሉ አንሱ። ድርቆሽ ብቻ ይቅር።

2. አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙ።

3. በጠርሙሱ በአፉ ጎን በኩል በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ጭንቅላቱን ወደ ላይ አትቆልምሙ፤ አፍንጫው ከዓይኑ ከፍታ አይለፍ። ካሳለ ወዲያው አቁሙ፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ውሃ ከአሲዱ እኩል ይገድላል።

4. ሐኪም ጥሩ። ተኝቶ መነሣት ካቃተው አትጠብቁ።

5. ከተሻለው ለ3 ቀን ድርቆሽ ብቻ ስጡትና ከ50 ግራም እንደገና ጀምሩ።

ቢበላሽ፦ ሆዱ ከተነፋ

ግራ ጎኑ ወጥቶ እንደ ከበሮ ይጮሃል፣ ይቆማል ይተኛል፣ ትንፋሹ ያጥራል። የፊት እግሮቹን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሙት። አንድ የቡና ስኒ ሙሉ ዘይት ቀስ ብላችሁ አጠጡትና ግራ ሆዱን በቡጢ ወደ ላይ እየገፋችሁ እሹት። ሲያገሳ ትሰማላችሁ። በሩብ ሰዓት ካልጎደለ ሐኪም ያስፈልጋል። በቢላ አትውጉት።

ደረጃ 5፦ ከ19ኛው ቀን እስከ ሽያጩ

ሥራው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ ሰዓት ማክበር ብቻ። ሙቀቱ ሲበረታ፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ የማታውን ድርሻ ወደ 200 ግራም ከፍ፣ የጠዋቱን ወደ 100 ዝቅ አድርጉ። መኖ ሲብላላ ሙቀት ያመነጫል፣ ሌሊት ቢሆን ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክና ለሃጩ የሚዝረበረብ ፍየል ካያችሁ ወደ ንፋስ አውጡት፤ እግሩንና ሆዱን ውሃ አርከፍክፉ። እርጥብ ጆንያ አታልብሱት፣ ሙቀቱን ያፍነዋል።

በየ15 ቀኑ ጠዋት ሳይበላ መዝናችሁ ጻፉ። በደንብ የተያዘ ፍየል በቀን ከ50 እስከ 100 ግራም ይጨምራል። ይህ በ15 ቀን ከ750 ግራም እስከ 1.5 ኪሎ ነው። በ2 ተከታታይ ምዘና ምንም ያልጨመረውን አሳክማችሁ ወይም ሸጣችሁ መኖውን አድኑ።

ገራባ

ሐረርም ድሬም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ፍየል የጫት ገራባ (ሰው ቅሞ የሚተርፈውን ቅጠልና እንጨት) ይበላል፣ ይወደዋልም። በነጻ ይገኛል፣ ስለዚህ ተጠቀሙበት። ግን ከ3 ሳምንት በፊት አትጀምሩ። ከዕለቱ ቅጠልና ድርቆሽ አንድ ሦስተኛውን አያሳልፍ። ከማቅረባችሁ በፊት ዘርግታችሁ ፌስታሉንና ማሰሪያውን በእጃችሁ ልቀሙ። ገራባ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ መድኃኒት የሚሸተውን ጣሉት፣ ሌላውንም በውሃ አለቅልቁ።

የፕሮሶፒስ ፍሬ

ፕሮሶፒስ ሜዳውን የወረረው እሾሃማ ዛፍ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ፍየል ይሻማበታል። ፍሬውን ብቻ ለረጅም ጊዜ የበላ እንስሳ መንጋጋው ይታመማል። አስፈጭታችሁ ከድብልቁ አንድ አምስተኛ ድረስ ብቻ ጨምሩ። ሳይፈጭ ከተሰጠ ዘሩ በፋንድያ ይወጣና ግቢያችሁንም የሰው እርሻንም ይወርራል።

የማሽላ ቀንበጥ

ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። በደንብ ደርቆ የከረመ አገዳ ደግ ነው። ዝናብ ቀርቶበት የጠወለገ ለጋ ማሽላ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠው ግን መርዝ አለው። ፍየሉ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ፍየሎቹን እዚያ አታሰማሩ፣ አጭዳችሁም አታምጡ።

ቢበላሽ፦ ሽንት ከታገደ

እግሩን አንፈርክኮ ያምጣል፣ ጭራውን ያወዛውዛል፣ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል ወይም ጭራሽ የለም። ብዙ ሰው የሆድ ድርቀት ይመስለዋል። ድብልቁን አንሱና በዚያው ቀን ሐኪም አሳዩ፤ ካደረ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። ለቀሩት ፍየሎች ውሃውን አብዙ፣ ጨውና የኖራ ድንጋዩ በትክክል መግባቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ሽያጭ

1. ከመጨረሻው ወር ጀምሮ መድኃኒት ስትሰጡ ማሸጊያው ላይ ያለውን የመጠበቂያ ቀን አንብቡ። ቀኑ ሳይሞላ ለእርድ አይሸጥም። ሥጋውን የሚበሉት ጎረቤቶቻችሁ ናቸው።

2. በዓሉ ሊደርስ 10 ቀን ሲቀረው ለሚያውቋችሁ ሰዎች መናገር ጀምሩ። እቤት መጥቶ የሚያይ ገዢ ይሻላል። ፍየሉ ፀሐይ አይመታውም፣ ደላላም አይገባበትም። ደብተራችሁን አሳዩት፤ ክትባቱንና ክብደቱን ያየ ሰው ክርክሩን ያሳጥራል።

3. ገበያ የምትወስዱ ከሆነ ማታውን እንደ ወትሮው አብሉ፣ ጠዋት ድርቆሽና ውሃ ብቻ ስጡ፤ ጨው አልሳችሁ ውሃ አትሙሉበት። በጠዋቱ ድረሱ፣ ጥላ ያዙ፣ ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ።

4. በዓሉ ካለፈ በኋላ ያልተሸጠውን «ለሚቀጥለው» ብላችሁ በሙሉ መኖ አታቆዩት። ድብልቁን በ4 እና 5 ቀን ቀንሱና በቅጠል አቆዩት፤ የሚቀጥለው በዓል 90 ቀን ሲቀረው ከ50 ግራም ትጀምራላችሁ።

5. ጉረኖውን ጥረጉ፣ ፋንድያውን ለጓሮ ከምሩ፣ ገንዳውን በሳሙና እጠቡ። አዲስ ፍየል ከማስገባታችሁ በፊት ቢያንስ 2 ሳምንት በሩ ክፍት ሆኖ ፀሐይ ይግባበት።